የቺንጋው ከለላ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ይፋግ

በሚኒባስ ሾፌሩ በባምላክ እጅ የላኩት ወረቀት ደርሶኛል። ሰላምታዎን ተቀብያለሁ፤ የእኔም በዚያው መኪና ተሳፍሮ ይድረስዎ። መልሴ የዘገየው መንገዱ ተዘግቶ ስለ ሰነበተ ነው። ስልክም እንዳልደውል አደራ ብለውኛል፤ ስልኩን የሚያነሳው የባለቤትዎ ወንድም ከሆነ አልደውልም።

በሬዲዮ የሰሙት እውነት ነው። ስለ ሥራ ቦታ አደጋ የምንሰጠው ምክር በነጻ ነው። እኛ ተቆጣጣሪዎች አይደለንም፤ አንቀጣም፣ በር አናሽግም። የምንሄደው አሠሪው ራሱ ሲጠራን ብቻ ነው፤ ያየነውንም የምንነግረው ለጠራን ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ ለተቆጣጣሪም ሆነ ለጎረቤት፣ ለገዛ ሠራተኞችዎም ቢሆን ከእኔ አፍ ቃል አይወጣም። ፖሊስ አስከትዬ እመጣ እንደሆነ ጠይቀውኛል። የምመጣው ብቻዬን ነው፤ ያውም ለቢሯችን መኪና ነዳጅ ከተገኘ። ካልተገኘም ከባምላክ ጋር እመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁልኝ። ሰው የሚገድል ወይም አካል የሚያጎድል ነገር ካየሁ እንዲስተካከል ቀን እቆርጣለሁ። ቀኑ አልፎ ካልተስተካከለ ምክሬን አቋርጣለሁ እንጂ ከሳሽ አልሆንም። ይህን ሲሰሙ ደስ የሚላቸው አሠሪዎች አሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ ይኸው ነው።

ለቤተ ሰቡ ማን ናት ብለው እንደሚያስተዋውቁኝ ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

አክባሪዎ
ሰብለ ወንጌል


ይፋግ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል

አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ ቤቴ ገብተሽ ሽሮዬን ከቀመስሽ ወዲህ እርስዎ ማለቱ አፌ ላይ ከበደኝ። በሰላም መግባትሽን ባምላክ ነገረኝ፤ ተመስገን። ጾም ሆኖ ደህና ነገር ሳላቀርብልሽ መሄድሽ እስካሁን ይቆጨኛል።

አገኘሁ ፊቱን ስላጠቆረብሽም ይቅርታ። የባሌ የሀዲስ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሀዲስ ታሞ ከወደቀ ወዲህ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኑን የሚያሠራው እሱ ነው። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ሞተሩን ስታዪ መጥቶ «ማን ናት?» አለኝ። «የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከጎጃም መጥታ ነው» አልሁት። «የአክስትሽ ልጅ ሞተር ሥር ምን ጠፋባት?» አለ። «ሩዝ ሲፈለፈል አይታ አታውቅም» አልሁት። ሳይስቅ ሄደ። አንቺ ግን ፊትሽን አዙረሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ።

ለምን እንደ ጠራሁሽ ጠይቀሽኛል። እዚያው ልነግርሽ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሴቶች ስለ ነበሩ ዋጥሁት። በክረምቱ ቺንጋው፣ ከሞተሩ ወደ መፈልፈያው የሚዞረው ጎማ፣ የአንዲቱን ሴት ሻሽ ከራሷ ላይ ነጥቆ ይዞት ሄደ። ሻሹ ዞሮ ዞሮ በዚያ በኩል ተበጫጭቆ ወጣ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ውሃ ልቀዳ ስል ግን እንስራውን ትቼ ቁጭ አልሁ። ሻሹ ባይፈታስ ኖሮ እያልሁ ነው።

ቺንጋው ሰው እንዳይዝ የሚሸፍነውን የብረት ከለላ ድሮ ነቅሎ የጣለው ራሱ ሀዲስ ነው። ቺንጋው በተበጠሰ ቁጥር ከለላ መፍታት ሥራ ያስፈታል አለ። ይህን ቤት ከባዶ መሬት ያቆመ ሰው ነው፤ ማን ይከራከረዋል? አሁን ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ከግድግዳው ወዲያ አልጋው ላይ ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ማሽኑን ያዳምጣል። ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ «ቺንጋው ላልቷል፣ ንገሪው» ይለኛል። ከዚህ ዓለም የቀረው ያ ድምፅ ነው። «ያንተ ሥራ ሰው ይጎዳል» ብዬ በየት በኩል ልጀምርለት?

ያዘዝሽውን ግን አልረሳሁም። አዲስ ዘመን ከተማ ወርጄ በያጅ አነጋግሬያለሁ፤ ብረቱን ይቆርጥልኛል። ማጥፊያውንም ወደ ሴቶቹ የሚያቀርብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እፈልጋለሁ። የሚቆየው አዝመራው ገብቶ ግቢው በጆንያ ስለ ተሞላ ነው። ገና ይለፍና ይሠራል።

እናትሽ አገርነሽ


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አገርነሽ

እንዳይጽፉልኝ የፈራሁትን ጻፉልኝ፤ «ገና ይለፍ» አሉኝ። ከገና በኋላ ጥምቀት አለ፤ ከጥምቀት በኋላ ወረፋው ይብሳል። ይህን ቃል ከስንት ሰው አፍ እንደ ሰማሁት አልነግርዎትም። አቶ ሀዲስ እንዳይከፋቸው መጠንቀቅዎ ይገባኛል። ቢሆንም ቀኑን ቆርጫለሁ፤ ከጥምቀት በፊት ከለላው መገጠም አለበት።

እስከዚያው ድረስ ስለዚያች ቀጭን ሴት ይጻፉልኝ። ወለተ ኪዳን ያሉኝን ማለቴ ነው። ሩዙን ማሽኑ አፍ ላይ የምታፈስሰው እሷ ናት። ነጠላዋን እንደ አጣፋች በግድግዳውና በቺንጋው መካከል ትመላለሳለች፤ ጀርባዋና ቺንጋው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። እዚያ ቆሜ ሳያት «ነይ ውጪ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። የአክስት ልጅ ግን እንዲህ አትልም። ዘጋሁት።

ዛሬውኑ ጆንያዎቹን ወደ ወዲያኛው በር ያዙሩና ማንም በዚያ ጠባብ መንገድ እንዳያልፍ ያድርጉ። ይህ ብረት አይፈልግም፣ በያጅም አይፈልግም። ለሴቶቹም ምን እንደሚያሰጋቸው ይንገሯቸው። እኔ መንገር አልችልም፤ አፌ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

ደክሞኝ ስለ ጻፍሁ ቃሌ ከሻከረብዎ ይቅር ይበሉኝ። ከቢሯችን መኪና ነዳጅ ይልቅ እኔ ቀድሜ ያለቅሁ ይመስለኛል። ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስዎ። አቶ ሀዲስን ሰላም ይበሉልኝ፤ የአክስትዎ ልጅ ናት ብለው።

ሰብለ ወንጌል


ይፋግ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል

እንደምን ሰነበትሽ። በዓሉ እንዴት አለፈ? እዚህ ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገባ። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ሀዲስን በወንበር አድርገን እስከ በሩ ድረስ አወጣነውና የካህናቱን ዝማሬ ሰማ። አለቀሰ። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል፤ ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው ይላሉ። ሽምብራው ደህና ይዟል።

መልስ ሳልሰጥሽ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባምላክ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን መለስሁት። የሚጻፍ ነገር አጥቼ አይደለም።

ከለላው ተሠርቶ መጥቷል።

ስለ ወለተ ኪዳን ጠይቀሽኛል። አሁን እኛ ዘንድ አይደለችም።

መብራትም ይጠፋል ይመጣል። እንግዲህ በርቺ፤ ጤናሽን ጠብቂ።

አገርነሽ


ባሕር ዳር
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አገርነሽ

የምነግርዎትን ሳያቋርጡ ያንብቡልኝ።

ትናንት ቢሯችን አንድ ሰው መጣ። አምሐ ይባላል፤ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ይሠራል። «እኅቴ ይፋግ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ስትሠራ ቺንጋ ቀኝ እጇን ወሰደባት» አለኝ። ማን መሆኗን ስሟን ሳይጠራ አወቅሁ። ወንበር ሰጠሁት።

«እናንተ ስለ ሥራ ቦታ አደጋ ታውቃላችሁ ተብዬ ነው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እንዲህ ያለ ቺንጋ ሰው እንደሚጎዳ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው? ወይስ ድንገት የሚመጣ ነው?»

«የሚታወቅ ነው» አልሁት።

«ታዲያ ለባለቤቶቹ የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ውሃ ልስጥህ?» አልሁት።

ሰጠሁት፤ ጠጣ። ጥያቄውን አልደገመውም። ሲነሳ «ሆስፒታል ብቻዋን ናት፤ የሚያውቅ ሰው ቢያነጋግራት ልቧ ያርፋል» ብሎ ለመነኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት ባጣ ተከትዬው ሄድሁ።

እጇ ከክርኗ በታች የለም። ጠቁራለች። እኔን ስታይ ግን ፊቷ ፈካ። «የእትዬ አክስት ልጅ! ከጎጃም ድረስ ለእኔ ብለሽ መጣሽ?» አለችኝ። አምሐ ዞር ብሎ አየኝ። እሷ በግራ እጇ መዳፌን ይዛ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? «ለእትዬ ደህና ናት በያት። ወቀሳ የለኝም። ነጠላዬን ያላሰርሁት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው» አለችኝ። ይህን ለእኔ ብቻ አላለችም። ለሐኪሙም፣ ከጎኗ ለተኙትም ትላለች። እያለቀሰች ነው የምትለው።

ስወጣ አምሐ መተላለፊያው ላይ ደረሰብኝ። «ዘመዳቸው ነሽ?» አለኝ። «አይደለሁም» አልሁት። «ታዲያ እኅቴ ከየት አወቀችሽ?» «እሱን ልነግርህ አልችልም» አልሁት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ ነገር አልቀረውም መሰለኝ። ደረጃውን ስወርድ ዐይኑ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ቃሌን ጠብቄያለሁ እትዬ። ይህን ቃል ስጠብቅ እንደ ትናንት አፍሬ አላውቅም። ዝምታው የእርስዎ ነው፤ ልፈታው አልችልም። እርስዎ ግን ይችላሉ። ከለላው ተሠርቶ ከመጣ እንዴት ይህ ሆነ?

ሰብለ ወንጌል


ይፋግ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብለ ወንጌል

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድሁት። ከዚያ ቁራጮቹን ለቅሜ ገጣጥሜ እንደ ገና አነበብሁት። ተናድጄብሽ ነበር። አንቺም ፈራጅ ሆንሽብኝ ብዬ። አሁን ንዴቱም ደክሞታል።

እንዴት ሆነ ላልሽው፤ ከለላው ከገና በኋላ ባለው ሳምንት በጋሪ ተጭኖ መጣ። አምሮ ነበር፤ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። እኔ ዕለቱኑ ይገጠም አልሁ። ግን ለመግጠም ማሽኑ መቆም አለበት። መብራት ደግሞ ጠፍቶ ሰንብቶ ገና መምጣቱ ነበር፤ ከዙሪያው መንደር ሁሉ ሩዙን የጫነ ገበሬ ግቢውን ሞልቶታል። አገኘሁ «ዛሬ ማሽን አቁሜ ብረት ብገጥም ይህ ሁሉ ሰው ወደ ወሮታ ነው የሚዞረው» አለኝ። «ወረፋው ይቅለልና» አለ። እሺ ያልሁት እኔ ነኝ ልጄ። ማንም አላስገደደኝም። እሺ ብዬ ገባሁና ለሀዲስ አጥሚት ሰጠሁት።

ከለላው ግቢ ውስጥ ግድግዳው ሥር ተጋደመ። ጆንያዎቹንም ወደ ወዲያኛው በር አዙረን ነበር፤ ሰው ሲበዛ ተመልሰው መጡ። ለሴቶቹም አልነገርሁም። ልነግራቸው አስቤ «ከፈሩ ሩዙን ማን ያፈስስልኛል?» አልሁ። የሆነው ለጥምቀት ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ሀዲስ ከአልጋው ሆኖ «ምን ገባበት?» አለኝ። እኔ ስደርስ አገኘሁ ወደ ማጥፊያው እየሮጠ ነበር። ማጥፊያው አንቺ ባየሽው ቦታ ነው፤ ከወዲያኛው ጥግ።

የቀረውን አልጽፈውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ አልተነሳም። ለሀዲስ መብራት ጠፍቷል አልሁት። አመነኝ። ጧት ጧት «መጣ?» ይለኛል፤ «አልመጣም» እለዋለሁ። አምፖሉን እንዳያይ ነቅዬዋለሁ፤ በኩራዝ ነው የምናመሸው። የታመመን ሰው እንዲህ ማታለል ያደክማል፤ ጉልበቴ ነው የሚያልቀው።

አገኘሁ «ዝም በይ» ይለኛል። «ራሷ ጥፋተኛ ነኝ ብላለች፤ ሌላ ሰው አያውቅም፤ ያቺም ሴትዮ አትናገርም» ይላል። አንቺን ማለቱ ነው፤ ማን እንደ ሆንሽ ደርሶበታል። ያንቺን ቃል መጠበቅ እንደ እሱ ያመሰገነው የለም።

ንገሪኝ፤ ብናገር ምን ይመጣብኛል?

አገርነሽ


ባሕር ዳር
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አገርነሽ

ደብዳቤዎ ሲመጣ ደቅ ደሴት ነበርሁ፤ ጾሙ ሲገባ አባቴን ልጠይቃቸው በጀልባ ተሻግሬ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዐይናቸው ደክሟል፤ ተማሪዎቻቸውን አሁን በድምፃቸው ነው የሚለዩአቸው። የእርስዎን ስምና አገር አላነሳሁባቸውም። «ንስሐ አባት የሰማውን አያወጣም፤ እኔም እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ጀመርሁላቸው። ጨርሼ እስክነግራቸው ሰሙኝና «ንስሐ አባት ዝም የሚለው ለሌላው ነው፤ ለተናዛዡ ዝም አይልም» አሉኝ። «ለእሷ ነግረሻታል?» «ጽፌላታለሁ» አልሁ። «እንዴት አድርገሽ?» ያልሁትን ነገርኋቸው። «ለዝበሻል» አሉኝ። ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ሳልለዝብ ልመልስልዎ። ቢናገሩ ምን እንደሚመጣ ጠይቀዋል። አምሐ ወደ ሕግ ሊሄድ ይችላል። ተቆጣጣሪ ሊመጣ፣ ቤቱ ሊታሸግ ይችላል። ተነግሯት ሳታስተካክል ቀረች ተብሎ ነገሩ ሊከብድብዎ ይችላል። እኛ ከጎንዎ ቆመን የምንከራከርልዎ ነገር የለም። ወለተ ኪዳን ይቅር ትልዎ እንደሆነም አላውቅም። ዝም ቢሉ ደግሞ፣ አገኘሁ እንዳለው፣ ምንም ላይመጣ ይችላል። እውነቱ ይህ ነው፤ ላስፈራራዎትም ላባብልዎትም አልፈልግም።

ግን ያቺ ሴት በየዕለቱ «ጥፋቱ የራሴ ነው» እያለች ታለቅሳለች። እጇን ሊመልሱላት አይችሉም። ይህን ግን ከላይዋ ሊያነሱላት ይችላሉ። ከእርስዎ በቀር የሚያነሳላት ሰው የለም። እኔም አፌ ታስሮ እዚሁ ከተማ ውስጥ በእግሬ ከሚደረስበት ቦታ ተቀምጫለሁ።

ከሆስፒታል ወጥታለች። ፋሲሎ፣ ወንድሟ ቤት ናት።

ሰብለ ወንጌል


ይፋግ
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል

ባሕር ዳር መጥቼ ነበር። በቢሮሽ በር አለፍሁ፤ ግን አልገባሁም። አንቺን ካየሁ በዚያው ተጽናንቼ እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ተቀየምሽኝ?

አምሐ በሩን ከፈተልኝ። ማን መሆኔን ስነግረው አልተቆጣም፤ ዞር ብሎ መንገድ ሰጠኝ። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ወለተ ኪዳን አልጋው ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ምስር ትለቅማለች። ልትነሳልኝ ስትል ሮጬ አስቀመጥኋት። አገላብጣ ሳመችኝ። መልሼ መሳም አቃተኝ።

ቁጭ አልሁና እንዲህ አልሁ፤ «ያቺ ሴት የአክስቴ ልጅ አይደለችም። ቤቱን እንድታይልኝ የጠራኋት የምክር ሠራተኛ ናት። ቺንጋው ሰው ይጎዳል፣ እዚያ ማንም እንዳያልፍ ብላ ነግራኝ ነበር። ስምሽንም ጠርታ ጽፋልኛለች። ከለላውን አሠርቼ፣ ማሽኑ እንዳይቆም ብዬ ሳላስገጥመው ቀረሁ። ነጠላሽ አይደለም ጥፋቱ።»

አምሐ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ምስሩን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ «ከለላ ያልሽው ያ ቀዩ ብረት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልሁ።

«እኛ እኮ ምሳ ስንበላ እሱ ላይ ነበር የምንቀመጠው» አለች። «ብናኙ እንዳይነካን ብለን። ‹ምን ይሆን ይህ?› ስንባባል፣ ለአዲስ በር ነው ያለችም ነበረች። ለእኛ መሆኑን የነገረን የለም።»

ልጄ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ልለምን ስጀምር ያለችኝን ደግሞ ስሚ። «እሱን ዛሬ አትጠይቂኝ፤ ገና ነኝ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ወንድሟ መለሰችና «ሰማህ አምሐ? ነጠላዬ አይደለም» አለችው። ሦስት ጊዜ ያህል ደጋገመችው። ተነስቼ ስወጣ እሱ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። «ወደ ሕግ መሄዴ አይቀርም» አለኝ። «ሂድ፤ ስጠየቅ አልክድም» አልሁት። «እሷን ሴትዮ ደግሞ ሰደብኋት በልቤ» አለኝ። አንቺን ነው።

ቤቴ ስመለስ ለሀዲስ ሁሉንም ነገርሁት። አምፖሉንም መልሼ አጠለቅሁት። ሲበራ ዐይኑን ጨፈነ። ሲቆይ «እኔ ነኝ የነቀልሁት» አለ። «አዎ፤ አንተ ነህ የነቀልኸው፤ እኔ ነኝ ያላስገጠምሁት» አልሁት። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ዐይን ለዐይን ተነጋግረን አናውቅም። ያ የማይታዘዘው እጁ እጄ ላይ ነበር፤ እሱ አስቀምጦት ይሁን ወይስ በራሱ ወድቆ አላውቅም። አላነሳሁትም።

አገኘሁ ጥሎን ወሮታ ገባ። «ቤቱን በምላስሽ አፈረስሽው» ብሎኝ ሄደ።

አገርነሽ


ባሕር ዳር
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አገርነሽ

አልተቀየምሁም። በቢሮዬ በር አልፈው መሄድዎ ልክ ነበር።

ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፤ አምሐ ቢሮ መጥቶ ነበር። አሁን እርስዎ ራስዎ ስለ ነገሩት የሚያውቀውን ሁሉ አረጋገጥሁለት። ሲጨርስ «ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ ከሥራ ያባርሩሽ ነበር?» አለኝ። «ያባርሩኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም አሠሪ አይጠራንም ነበር» አልሁት። «እንደ እሳቸው ላለው አሠሪስ ማን ይነግረው ነበር?» አልሁት። አሰበና «እሱም አለ» አለ። አልታረቅንም፤ አልተጣላንምም።

ለአለቃዬ ከእንግዲህ በሌላ ሰው ስም ማንም ግቢ እንደማልገባ ነግሬዋለሁ። አካል የሚያጎድል ነገር ካየሁም፣ አሠሪው እዚያው እኔ ቆሜ ለሠራተኞቹ እንዲነግራቸው አስቀድሜ ላስፈርም ነው። ያለዚያ አልሄድም አልሁት። «የሚጠራን ይቀንሳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይቀንሳል። ይህን ሳምንት ማንም አልደወለም። ቢሮው ጸጥ ብሏል። እኔም ልተወው ወይስ ልቆይ እያልሁ አለሁ፤ ዛሬ ግን አልተውሁትም።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ የተጻፈልዎትን ምክር ያሳዩዋቸው። እኔ የማሳየው ነገር የለም፤ እሱ የእርስዎ ነው።

ሰብለ ወንጌል


ይፋግ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ ሳልልሽ ዳግም ትንሣኤም አለፈ። ሰው ሲበዛብኝ እጄ እስክርቢቶ አልይዝ አለ። አንቺም ጤናሽ እንዴት ነው? ባምላክ ከሳች ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፤ አሸጉት። አልተከራከርሁም። ክሱም በሕጉ መንገድ እየሄደ ነው፤ ዳኛው ፊት ቀርቤ ያልሁሽን ሁሉ አልሁ። አምሐ ሲሰማኝ አንገቱን አልደፋም፣ ቀናም አላለም። የሚፈረድብኝን እከፍላለሁ፤ ከቤቱ ላይ ይሸጥ ቢባልም ይሸጥ። ዘመዶቼ አሁንም «ሞኝ» ይሉኛል።

ከትንሣኤ በኋላ ማሸጊያው ተነሳልን። ከለላው ተገጠመ፤ ማጥፊያውም ሴቶቹ እጃቸውን በሚዘረጉበት ቦታ ገባ። አንድ ወሮታ ሲሠራ የኖረ ሰው ቀጥሬያለሁ፤ ለእሱም ለሴቶቹም ቆሜ ነገርኋቸው፤ ምን እንዳሰጋቸው፣ ወለተ ኪዳን ምን እንደ ሆነች፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ። ሁለቱ ሥራውን ትተው ሄዱ። አልያዝኋቸውም። ለሚመጣው ሁሉ እንዲሁ እነግራለሁ፤ ሳልነግር የማስገባው የለም። ሀዲስ ከአልጋው ሆኖ «አሁን ድምፁ ታፍኗል» ይለኛል፤ ከለላው ነው የሚያፍነው። ለመደው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነው። ወለተ ኪዳን መጣች። ልብሷን ልትወስድ ነው፤ ከሥራው ክፍል በስተኋላ ሰቅላው የቀረ ልብስ ነበራት። አምሐ በር ላይ ቆሞ ቀረ። እሷ ገባች። ሴቶቹ ሲያዩአት ሥራቸውን ለቀው ወደ እሷ መጡ፤ አዲሱ ሰው ማሽኑን አጠፋው። ሁሉም ያለቅሳል። እሷ አላለቀሰችም። ትሳማለች፣ ትጠይቃለች፤ ያንዷ ልጅ ታሞ ነበር፣ ዳነ ወይ ትላለች።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄደች። አብሬያት ሄድሁ። ከለላው ፊት ቆመች። በግራ እጇ ዳሰሰችው፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካች። የያዘውን አቧራ ጠረግ አደረገችው።

«እትዬ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ለመግጠም ስንት ጊዜ ፈጀ?»

ልዋሻት አልቻልሁም። «ጧት ጀምረው ለምሳ ጨረሱ» አልኋት።

«ለምሳ» አለች።

ልብሷን ከግድግዳው አወረደች፤ ላጥፍልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በአንድ እጇ አጠፈችው። ጊዜ ወሰደባት። ሁላችንም ቆመን ጠበቅናት፤ ማንም ማሽኑን ላስነሳ አላለም። ጨርሳ ክንዷ ሥር አደረገችውና ወደ ወንድሟ ሄደች።

አገርነሽ